ባሕር ማዶ የሚማሩ ተማሪዎች የባሕል መላመድና የአእምሮ ጤና

መግቢያ

ከቤተ ሰቡ ርቆ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ደብዳቤ ሲጽፍ የሚጀምርበት የታወቀ ፈሊጥ አለ። ‹‹ለጤናችሁ እንደምን አላችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ›› ይላል። ይህ አጀማመር የአክብሮትና የመልካም አስተዳደግ ምልክት ሆኖ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ኖሯል። ዛሬ ደብዳቤው በአመዛኙ በስልክና በምስል መልእክት ቢተካም የፈሊጡ መንፈስ አልተለወጠም።

ይሁን እንጂ ይኸው ቃል ጸሐፊው በእርግጥ ደኅና በሆነበትም ባልሆነበትም ጊዜ ሳይለወጥ ይጻፋል። እንቅልፍ ያጣው፣ ምግብ አልበላ ያለው፣ ወደ ክፍል መግባት ያቃተው ተማሪም ‹‹ደኅና ነኝ›› ይላል። ወላጆች ይደሰታሉ፤ የላከው መሥሪያ ቤትም የፈተናው ውጤት እስኪደርሰው ድረስ የሚያውቀው ነገር የለም። ውጤቱ ሲደርስ ግን ጊዜው ብዙ ጊዜ የዘገየ ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለትምህርት ባሕር ማዶ የሚሻገሩ ወጣቶች አዲስ ባሕል ሲያጋጥማቸው በአእምሮ ጤናቸው ላይ የሚደርሰውን ጫና ማብራራትና መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ሊያደርጉት የሚችሉትን ማመልከት ነው። ጽሑፉ የሚያተኩርበትም ነጥብ የሚከተለው ነው፦ አዲስ ባሕል የሚያስከትለው ጭንቀት በአብዛኛው የሚጠበቅና የሚያልፍ ነው፤ ወደ ከባድ ጉዳት የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ በዝምታ ሲሸፈን ነው። ዝምታው የሚለመደው እዚሁ በቤተ ሰብና በትምህርት ቤት ስለሆነ መከላከሉም ከዚሁ መጀመር ይኖርበታል።

1. ትምህርት ፍለጋ ከቤት መውጣት

በኢትዮጵያ ለትምህርት ሲባል ከቤት መውጣት አዲስ ነገር አይደለም። የአብነት ተማሪ ገና በልጅነቱ ከወላጆቹ ተለይቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ቅኔ ለመማር ወደ ዋሸራ፣ ድጓ ለመማር ወደ ቤተ ልሔም ሲጓዝ ኖሯል። ዘመድ ከሌለበት አገር ይገባል፤ ውሻ እየተከላከለ ‹‹በእንተ ስማ ለማርያም›› እያለ የዕለት ጉርሱን ይለምናል። ኑሮው እጅግ ከባድ ነው። ሆኖም ሥርዓቱን ልብ ብሎ ለተመለከተው ሰው ተማሪው ብቻውን አይደለም። የኔታ እንደ አባት ይቆጣጠሩታል፤ ከፍ ያለው ተማሪ ለታናሹ ቀለም ያስቀጽላል፤ ጎጆውን ከባልንጀራው ጋር ይጋራል። ልመናው እንኳ እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ትምህርቱ አካል ስለሚቆጠር ተማሪው መቸገሩን መደበቅ አያስፈልገውም። መንደርተኛውም ተማሪነቱን ዐውቆ ቁራሹን ይሰጠዋል። ችግሩ በሁሉም ዘንድ የታወቀና በሥርዓቱ ውስጥ ቦታ የተሰጠው ነው ማለት ነው።

የዚህ ተቃራኒ ሆኖ የሚጠቀሰው የዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ የልዑል ዓለማየሁ ታሪክ ነው። ልዑሉ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀች ጊዜ ገና የሰባት ዓመት ያህል ሕፃን ሳሉ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰዱ። እናታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ ወደ ባሕር ጠረፍ በሚደረገው ጉዞ ላይ ሞቱ። መጀመሪያ ጠባቂያቸው የነበሩት አማርኛ የሚያውቁት መኮንን ካፒቴን ስፒዲ ነበሩ፤ ኋላ ግን ከእርሳቸው ተለይተው በቼልተናምና በራግቢ፣ ቀጥሎም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት እንዲማሩ ተደረገ። በኅዳር ወር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመታቸው በሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ሞተው በዊንድሶር ተቀበሩ። ሕይወታቸው ደስታ የራቀው እንደ ነበረ ንግሥት ቪክቶሪያ ራሳቸው በዕለት ማስታወሻቸው ላይ አስፍረዋል። ልዑል ዓለማየሁ የተማረኩ እንጂ ለትምህርት የተላኩ ባለመሆናቸው ታሪካቸው ከዛሬው ተማሪ ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም። ቢሆንም በጥሩ ትምህርት ቤት መግባት፣ በቂ ምግብና ልብስ ማግኘት፣ የታላላቅ ሰዎችን ጥበቃ ማግኘት እንኳ የቋንቋንና የወገንን መታጣት እንደማይተካ ግልጽ አድርጎ ያሳያል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን እስኪጀምር ድረስ ዘመናዊ ከፍተኛ ትምህርት የፈለገ ወጣት ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላም በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ወደ ሶቭየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመን፣ ወደ ኩባና ወደ ሌሎች ሶሻሊስት አገሮች ሄደዋል። በሶቭየት ኅብረት የውጭ አገር ተማሪዎች ወደ ዋናው ትምህርት ከመግባታቸው በፊት አንድ ዓመት ያህል ሩስኛ ይማሩ ነበር። በኩባ የወጣቶች ደሴት ይማሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ደግሞ ከአገር ቤት የተላኩ መምህራን አብረዋቸው ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ ሁለት አሠራሮች የሚገኘው ቁም ነገር ቋንቋ የራሱ ጊዜ ሊሰጠው እንደሚገባና የወገን ሰው በአጠገብ መኖሩ ታላቅ ድጋፍ መሆኑ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን ከላካቸው ሥርዓት ጋር ግንኙነታቸው የተቋረጠ ብዙ ተማሪዎች ስለ ወደፊት ዕጣቸው ግራ ተጋብተው ነበር። የአንድ ተማሪ መንፈስ ከመማሪያ ክፍል ውጭ በሆኑ ነገሮች ምን ያህል እንደሚናጋ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

2. የባሕል ግርታ ምንነት

በባዕድ አገር የሚደርስ የመንፈስ መናወጥ የሐኪሞችን ትኩረት የሳበው ከረጅም ጊዜ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ ወጣት በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ ባቀረበው የሕክምና ጽሑፍ ስለ አገር ናፍቆት ሕመም አብራርቷል። ከጠቀሳቸው ሕመምተኞች አንዱ ከበርን ወደ ባዝል ለትምህርት የሄደ ወጣት ነበር። ወጣቱ እጅግ ከመድከሙ የተነሣ ወደ ትውልድ ከተማው እንዲመለስ ሲደረግ ገና በመንገድ ላይ ሳለ መሻል ጀመረ። ሆፈር ይህን ሕመም ‹‹መመለስ›› እና ‹‹ሥቃይ›› የሚል ትርጉም ካላቸው የግሪክ ቃላት ‹‹ኖስታልጂያ›› ሲል ሰየመው። በበርንና በባዝል መካከል ያለው ርቀት በቀጥታ ሲለካ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ የሚጎዳው የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን ከለመዱት ነገር መለየት መሆኑ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ታውቋል።

በኋላ ጊዜ አንትሮፖሎጂስቱ ካሌርቮ ኦበርግ እ.ኤ.አ. በ1954 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ባደረገውና በ1960 በታተመው ንግግሩ ይህንኑ ሁኔታ በሰፊው ገለጸው። እንደ ኦበርግ አባባል የባሕል ግርታ የሚመጣው ሰው በየዕለቱ ሳያስብ የሚመራባቸው ጥቃቅን ምልክቶች በአንድ ጊዜ ሲጠፉበት ነው። መቼ እጅ እንደሚነሣ፣ መቼ ግብዣ መቀበልና መቼ እንቢ ማለት እንደሚገባ፣ ሰው የሚናገረው ከልቡ ይሁን ከአንገት በላይ መለየት ያቅተዋል። ኦበርግ ሂደቱን በአራት ደረጃዎች ከፍሎታል። በመጀመሪያ ሁሉም ነገር አዲስና አስደሳች ይሆናል፤ ቀጥሎ ብስጭትና ጥላቻ ይመጣል፤ ከዚያም ቋንቋው እየተለመደ ሲሄድ መንፈስ ይረጋጋል፤ በመጨረሻም መላመድ ይሆናል።

ኖርዌያዊው ስቬሬ ሊስጎርድ በበኩሉ አሜሪካ ሄደው የተመለሱ የአገሩን የትምህርት ዕድል ተጠቃሚዎች መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው ጽሑፍ ከ6 እስከ 18 ወር የቆዩት ከዚያ ባነሰና ከዚያ በበለጠ ጊዜ ከቆዩት ይልቅ መላመድ እንዳቃታቸው ገለጸ። በሌላ በኩል ኮሊን ዋርድና ባልደረቦቿ በኒውዚላንድ የተማሩ ጃፓናውያንን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት ከሁሉ የከፋው ጊዜ ገና እንደ ገቡ ያለው ወቅት ሆኖ ተገኝቷል። ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንባቢ የሚወስደው ትምህርት አለ። ለሁሉም ተማሪ የሚሠራ አንድ የጊዜ ሰሌዳ የለም፤ አንዱን የመጀመሪያው ሳምንት፣ ሌላውን ሁለተኛው ዓመት ይከብደዋል። በመሆኑም ክትትሉ ተማሪውን አውሮፕላን ማረፊያ በመቀበል የሚያበቃ መሆን የለበትም።

ዋርድ በተጨማሪ ያስገነዘበችው ጠቃሚ ልዩነት አለ። መላመድ ሁለት ገጽታ አለው፤ አንደኛው በአዲሱ አገር ሥራን የማከናወን ችሎታ፣ ሁለተኛው የውስጥ ስሜት ጤንነት ነው። አውቶቡስ መሳፈር፣ ባንክ መሄድ፣ ፈተና ማለፍ የተካነ ተማሪ በውስጡ እጅግ ሊያዝን ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ውጤት የጥሩ ጤንነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

3. የግርታው ምንጮች

ለኢትዮጵያዊው ተማሪ ግርታው ከራሱ ስም ሊጀምር ይችላል። በአገራችን ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ የአባቱ ስም ከኋላ ይከተላል። በምዕራባውያን አገሮች ግን መዝገብ የሚያዘው በቤተ ሰብ ስም ስለሆነ ተማሪው ከአውሮፕላን ከወረደበት ሰዓት አንሥቶ በአባቱ ስም ሲጠራ ይገኛል። ሰዓቱም ይለወጣል፤ እርሱ ጠዋት አንድ ሰዓት የሚለውን ሌላው ሰባት ሰዓት ይለዋል። ዓመቱ በሰባት ወይም በስምንት ይለያል፤ መስከረም 1 ቀን ዓመቱ ሲለወጥ እንኳን አደረሰህ የሚለው ጎረቤት የለም። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ቀላል ነው፤ በአንድ ጊዜ ሲደራረብ ግን አእምሮን ያደክማል።

የተፈጥሮ ሁኔታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀኖች መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በሞስኮ ግን በታኅሣሥ ወር የቀኑ ብርሃን ሰባት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 እንደገለጹት የክረምት ብርሃን ማነስ በአንዳንድ ሰዎች ላይ በየዓመቱ የሚመላለስ የመንፈስ ጭንቀት ያመጣል። ይህን ያልተነገረው ተማሪ ድካሙንና እንቅልፋምነቱን እንደ ስንፍና ቆጥሮ ራሱን ይወቅሳል።

በመማሪያ ክፍልም ልዩነቱ ከፍተኛ ነው። አገር ቤት ዝም ብሎ ማዳመጥ የጨዋ ተማሪ ምልክት ነው፤ በዚያ ግን ዝም ያለው እንዳላነበበ ወይም እንዳልገባው ይቆጠራል። መምህሩን ‹‹አንቱ›› ብሎ ያደገ ወጣት ፕሮፌሰሩን በስማቸው ብቻ ጠርቶ ‹‹በዚህ ነጥብ አልስማማም›› እንዲል ይጠበቅበታል። ቋንቋውን በመጽሐፍ ያወቀው ሰው ትምህርቱን ቢከታተልም ሌሎች በአንድ ቀልድ ሲስቁ ምን እንዳሳቃቸው ሳይገባው ይቀራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከክፍሉ አንደኛ እየወጣ ያደገው ልጅ በዚያ ከመካከለኞቹ አንዱ ሆኖ ራሱን ያገኘዋል። ማንነቱን የገነባው በዚያ አንደኝነት ከሆነ የሚሰማው ነገር ከውጤት ማነስ እጅግ የጠለቀ ነው።

ማዕዱንም መዘንጋት አይገባም። ከአንድ ገበታ ከወንድም እኅቶቹ ጋር ሲበላ፣ ሲጎርስና ሲያጎርስ ያደገ ሰው በጠባብ ክፍል ብቻውን ሲበላ የሚጎድለው እንጀራው ብቻ አይደለም። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት የሚጠራበት፣ የተኳረፈ የሚታረቅበት፣ የከፋው የሚጽናናበት ሰዓት ጭምር ይጠፋል። በዚህ ላይ የገንዘብ ጉዳይ ይጨመራል። ቤተ ሰብ ‹‹ውጭ አገር ያለው ልጃችን›› ገንዘብ እንዲልክ ይጠብቃል፤ በብዙ አገሮች ግን ተማሪ የሚሠራው ሰዓት በሕግ የተወሰነ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ የተማሪ ፈቃድ ያለው ሰው በትምህርት ወራት በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዲሠራ አይፈቀድለትም።

4. ይሉኝታና ዝምታ

ከዚህ በላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ከባድ ቢሆኑም በጊዜና በእርዳታ የሚሸነፉ ናቸው። እርዳታ ለማግኘት ግን መናገር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ይሉኝታ ታላቅ እንቅፋት የሚሆነው።

ለምሳሌ ያህል ከአንድ የገጠር ከተማ የተላከ ወጣት ይታሰብ። ሲሸኝ ሙክት ታርዷል፤ ሽማግሌዎች መርቀውታል፤ ጎረቤት መቀነቱን ፈትቶ ለስንቅ የሚሆን ብር ጨምሯል። መምህሩ ስሙን በሰልፍ ላይ እያነሡ ለታናናሾቹ አርአያ አድርገውታል። ይህ ወጣት በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በሁለት ትምህርቶች ይወድቃል፤ ሌሊት አይተኛም፤ ቀን ከአልጋ መነሣት ያቅተዋል። እናቱ በስልክ ምስሉን አይተው ‹‹ምነው ከሳህ ልጄ?›› ሲሉት ‹‹ብርዱ ነው እማዬ›› ይላል። በዚያው ቀን በትልቅ ሐውልት ፊት ቆሞ የተነሣውን ፎቶግራፍ ይልካል። እውነቱን ቢናገር የሙክቱ፣ የምርቃቱና የመቀነቱ ብር ሁሉ ይወቅሰዋል። ‹‹ሆድ ይፍጀው›› ብሎ ያልፋል።

ዝምታው በቤተ ሰብ ብቻ አያበቃም። እዚያው ላሉ ወገኖቹ ቢነግር ወሬው ከእርሱ ቀድሞ አገር ቤት እንዳይገባ ይሰጋል። ለላከው መሥሪያ ቤት ቢያመለክት የትምህርት ዕድሉን እንዳይነጠቅ ይፈራል። ወደ ዩኒቨርሲቲው አማካሪ እንዳይሄድ ደግሞ ‹‹የአእምሮ ሐኪም›› የሚለው ቃል በእርሱ ጆሮ ‹‹እብድ›› ከሚለው ቃል ብዙ አይርቅም። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ቢደርስ እንኳ የሚናገረው ስለ ራስ ምታትና ስለ ጨጓራ ነው። ይህ ውሸት አይደለም፤ ጭንቀት በእርግጥ በሰውነት ይገለጣል። ነገር ግን ባሕሉን የማያውቅ ሐኪም የራስ ምታት ክኒን ሰጥቶ ሊሸኘው ይችላል። ‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም›› የሚለው የአበው ብሂል ከዚህ የበለጠ የሚስማማበት ቦታ አይገኝም።

5. ናፍቆትንና ሕመምን መለየት

ናፍቆት ሁሉ ሕመም አይደለም። ማልቀስ፣ አገርን ማለም፣ በበዓል ቀን መከፋት ለማንኛውም ጤናማ ሰው የሚደርስ ነው። ለመለየት የሚረዱት ሦስት መመዘኛዎች ጊዜ፣ ስፋትና ክብደት ናቸው። ኀዘኑ ወይም ለማናቸውም ነገር ፍላጎት ማጣቱ አብዛኛውን የቀን ክፍል፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፤ ከእንቅልፍና ከምግብ መዛባት፣ ከድካም፣ ሐሳብን ለመሰብሰብ ካለመቻልና ራስን ከንቱ አድርጎ ከመቁጠር ጋር ከተያያዘ፤ ትምህርትንና የዕለት ኑሮን ካሰናከለ ድባቴ የሚባለው ሕመም ሊሆን ስለሚችል የባለሙያ ምርመራ ያሻዋል። ተማሪው ስለ ሞት መናገር፣ ንብረቱን ማከፋፈል ወይም ስንብት መሰል መልእክት መላክ ከጀመረ ነገሩ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ብቻውን ሊተውም ሕክምናው ሊዘገይም አይገባም።

እዚህ ላይ ዕቅድ አውጪዎች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በአሜሪካ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳመለከተው በሰው የዕድሜ ዘመን ከሚታዩት የአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ እስከ 14 ዓመት፣ ሦስት አራተኛው እስከ 24 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራሉ። ይህ ደግሞ ወጣቶች ወደ ውጭ የሚላኩበት ዕድሜ ነው። ስለሆነም ከተላኩት መካከል አንዳንዶች መታመማቸው የምርጫ ስሕተት ወይም የጠባይ ድክመት አይደለም፤ አገር ቤት ቢቀሩም ሊታመሙ ይችሉ ነበር። ልዩነቱ አገር ቤት ሰው ቶሎ የሚያይላቸው መሆኑ ነው። ቤተ ሰብ ለልጁ ጠበል ወይም ዱዓ ቢሻም ከሕክምናው ጋር አይጋጭም፤ የሚጎዳው አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው ነው።

6. ምን ማድረግ ይገባል?

ሀ. ከመሄዳቸው በፊት። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ለዚህ ሥራ ልዩ መሣሪያ አያስፈልገውም። ተማሪው ‹‹አልገባኝም›› ማለትን በክፍል ውስጥ ያለ ኀፍረት ቢለማመድ፣ የመምህሩን ሐሳብ በአክብሮት መቃወም እንደሚቻል ቢያይ፣ ባሕር ማዶ የሚጠብቀው ግማሽ ሥራ ተሠራለት ማለት ነው። ወንዶችም ሴቶችም ሽሮ መሥራትን፣ ልብስ ማጠብንና ወርኃዊ ወጪን በወረቀት ማስፈርን ሊማሩ ይገባል። በአማርኛ ትምህርት የደብዳቤ አጻጻፍ ሲሰጥም ከሰላምታው ቀጥሎ አንድ አንቀጽ ስለ ደስታ፣ አንድ አንቀጽ ስለ ችግር እንዲጽፉ ማለማመድ ይቻላል። ወላጆችን በአንድ ስብሰባ ጠርቶ ልጁ ቢደክም፣ ቢዘገይ፣ ቢመለስም እንኳ ልጃቸው መሆኑን አስቀድመው እንዲነግሩት መምከር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከመሄዱ በፊት ይህን ከወላጁ አንደበት የሰማ ልጅ በኋላ ለመናገር ይደፍራል።

ለ. በቆይታቸው ጊዜ። ስቴፈን ቦክነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት ጽሑፍ የውጭ አገር ተማሪ ሦስት ዓይነት ወዳጅነት እንዳለው አሳይተዋል። ከወገኖቹ ጋር ባሕሉንና ስሜቱን ይካፈላል፤ ከአገሩ ተወላጆች ጋር የትምህርትና የኑሮ ጉዳዩን ያቃናል፤ ከሌሎች የውጭ ተማሪዎች ጋር ደግሞ ይዝናናል። ስለዚህ ‹‹ከሐበሻ ራቅ፣ ቋንቋ ትማራለህ›› የሚለው ምክርም፣ ‹‹ከወገንህ አትለይ›› የሚለውም ለየብቻቸው ጎደሎ ናቸው። በዚሁ ረገድ ጆን ቤሪ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እንደሚያስተምረው ሰው በባዕድ ባሕል ውስጥ አራት መንገዶች ይኖሩታል፦ የራሱን ይዞ አዲሱንም መቀበል፣ የራሱን ጥሎ በአዲሱ መዋጥ፣ አዲሱን ሸሽቶ በራሱ መታጠር፣ ወይም ከሁለቱም መለየት። በአብዛኛው ለጤና የሚበጀው የመጀመሪያው፣ የሚጎዳውም የመጨረሻው ነው። በካናዳና በአውስትራሊያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት ደግሞ ከአገሩ ተማሪ ጋር በጓደኝነት የተጣመሩ የውጭ ተማሪዎች በትምህርታቸው የተሻለ ውጤት እንዳገኙና ትምህርታቸውን የሚያቋርጡትም ጥቂት እንደ ሆኑ ገልጿል። የአብነት ትምህርት ቤቱ ታላቁን ተማሪ ከታናሹ ጋር የሚያገናኝበት ልማድ ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል።

ላኪው መሥሪያ ቤት የሚቀበለው ዘገባ የፈተና ውጤትን ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ የሚያገኘው መልስም ያንኑ ብቻ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ በክረምቱ አጋማሽ፣ በፈተና ሰሞንና በሁለተኛው ዓመት መግቢያ ተማሪውን በስሙ የሚያውቅ ሰው ቢደውልለት ይበጃል። ይህ ሰው ውጤት ከሚቆጣጠረውና ዕድል ከሚሰርዘው ክፍል የተለየ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ማንም አይነግረውም። በሕመም ምክንያት ትምህርት ለአንድ መንፈቅ ዓመት ማቋረጥ የሚቻልበት ደንብ አስቀድሞ ተጽፎ ለተማሪው ሊሰጠው ይገባል። የሕክምና ዋስትናው የአእምሮ ሕክምናን መሸፈን አለመሸፈኑም ከመሄዱ በፊት መታወቅ አለበት።

ሐ. ከተመለሱ በኋላ። ጆን ጋላሆርንና ጂን ጋላሆርን እ.ኤ.አ. በ1963 እንደጻፉት ግርታው ወደ አገር ሲመለሱም እንደገና ይነሣል። ተመላሹ እርሱ እንደ ተለወጠ አገሩም ተለውጣ ይጠብቀዋል። ጓደኞቹ ወልደው ከብደዋል፤ አንዳንድ ወላጅ አርፏል፤ መርዶውም ‹‹ትምህርቱን እንዳይረብሽ›› ተብሎ ተደብቆበት ሊሆን ይችላል። ዝምታ በሁለት በኩል መሆኑን እዚህ ላይ ማስተዋል ይገባል፤ ልጁ ሕመሙን ሲደብቅ ቤተ ሰቡም ሞትን ሲደብቅበት ኖሯል። በተማረበት ሙያ ሳይመደብ ወራት የሚጠብቅ ተመላሽ የባከነው ዕውቀቱ ብቻ አይደለም። ምደባውን ከመመለሱ በፊት ማዘጋጀት፣ ለዘመድ ጉብኝት ጥቂት ሳምንት መፍቀድና በመሥሪያ ቤቱ ከእርሱ ቀድሞ ከተመለሰ ሰው ጋር ማገናኘት ጠቃሚ ነው።

ማጠቃለያ

ባሕር ማዶ የሚላክ ተማሪ የቤተ ሰቡን ተስፋና የአገሩን ሀብት ይዞ ይሄዳል። የባሕል ግርታ እንደሚያጋጥመው አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ መከሠቱ ሊያስደነግጥ አይገባም፤ ሊያሳስብ የሚገባው ሳይነገር መቅረቱ ነው። የአብነት ተማሪው ብርድንና ረኀብን የተቋቋመው ችግሩ እንደ ነውር ስላልተቆጠረበትና ብቻውን ስላልተሸከመው ጭምር ነበር። ለዛሬው ተማሪም መምህሩ፣ ወላጁና ላኪው መሥሪያ ቤት ተባብረው ይህንኑ ሊያደርጉለት ይችላሉ።

ስለዚህ ‹‹ደኅና ነኝ›› የሚለው ሰላምታ ይቅር ማለት አይደለም፤ ሰላምታነቱ የተከበረ ነው። ነገር ግን ደብዳቤውን የተቀበለ ወላጅ፣ ስልኩን ያነሣ መምህር፣ ዘገባውን የተመለከተ ባለ ሥልጣን ሰላምታውን እንደ መልስ ቆጥሮ መተው አይገባውም። ‹‹እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንቅልፍህስ እንዴት ነው? ከማን ጋር ትበላለህ? የከበደህ ነገር አለ ወይ?›› ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ተማሪውም ይህን ጥያቄ አገር ቤት ሳለ ከመምህሩ የለመደው እንደ ሆነ ባሕር ማዶ ሲጠየቅ እውነቱን ለመመለስ አይቸግረውም።